ከደጅ የሚቀር ሸሚዝ

አሥራ ስድስት ዓመት፣ አራዳ፣ ከምድጃው አፍ ቆሜ፣
ጎንደር ቁርሷን ስትቆርስ ቤት የምገባ ደክሜ፣
ዳቦ ጋጋሪ ነኝ።
እጄ እስከ ክርኔ ነጭ ነው፤ ቅንድቤ ሳላረጅ ሸብቷል።
ትርንጎ ልጄ በር ላይ ጠብቃ፣
"አባ፣ ዛሬም በረዶ ዘነበብህ?" ትለኝ ነበር ስቃ።
ኪሴን በርብራ የዳቦ ጥግ ታወጣለች፣
ትኩሱን ቅርፊት በወተት ጥርሷ ትሰብራለች።

ኋላ መክሳት ጀመረች።
ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ እግሯ እንደ ሸምበቆ ሰልሎ፣
አንዱ "ወስፋት ነው" ብሎ፣ ሌላው "የሰው ዓይን ነው" ብሎ፣
የትል መድኃኒት ሦስቴ ዋጠች፣ ሰባት ቀን ጸበል ገባች።
እኔ ደግሞ፣ ብልሁ አባት፣
"ትንሽ ትበርታ" እያልኩ፣ ዳቦውን ጨመርኩላት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ወረቀት ላይ አንጀት ሣለች።
"ስንዴ ነው" አለችን። "ገብስም። ዕድሜ ልኳን አይነካት" አለች።
እጄን ከጠረጴዛው ሥር ሸሸግሁ፣
ደም እንደነካው ሰው፣
ከጥፍሬ ሥር የደረቀ ሊጥ ስፈቀፍቅ ቆየሁ።

"ጤፍ ግን ትብላ" ስትል፣ አንጓች እፎይ አለች፤
"ተመስገን! የጓዳዬን እህል አዘዘች!"
ቀላል መስሎን ነበር።
ለካ ጤፉ የተወደደ ጊዜ ገብስ ቀላቅለንበታል፤
ለካ ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ ቅንጬው ስንዴ፣
የእሁድ ፓስታ፣ የሰንበቴው ዳቦ፣
ቤቱን ስናራግፈው ስንዴ የሌለበት ጥግ ጠፋ።

ወፍጮም አይታመንም አሉን፤ ከስንዴ ኋላ የተፈጨ ጤፍ ያው ስንዴ ነው።
ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ነጩን ጤፍ ሸምቼ፣
ከአውራ ዶሮ ቀድሜ ወፍጮ ቤት ተገኝቼ፣
"ሰጠኝ፣ ወንድሜ፣ ድንጋዩን ጥረግልኝ፣
ሌላ እህል ሳይነካው የኔን ፍጭልኝ።"
ሳቀብኝ። "ጋጋሪው! አንተም ዱቄት ትፈራ?"
የመጀመሪያዋን ቁና ለዶሮ ደፋን፣ መንገድ ትጥረግ ብለን።
በሦስተኛው ሳምንት፣ ሳልጠይቀው፣
መጥረጊያውን ይዞ ጠበቀኝ።

እትዬ ዘርትሁን፣ ጎረቤታችን፣ "ቁራሽ ምን ይላታል? አታጨክኑባት" አሉ፣
በጓሮ ጠርተው አጎረሷት፤
ሁለት ሌሊት አስመለሳት።
ከዚያ ወዲህ ለኛ ቤት ጎመን ይልካሉ፣
ሰሃኑን ሁለቴ አጥበው፣ ዓይናቸውን ሰብረው።

አስማማው ግን ወንድ ልጅ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመቱ፤
"እኔን አላመመኝ! እኔስ ምን አጠፋሁ?" ብሎ አኮረፈ።
ባንድ ከሰዓት፣ ከሽንት ቤቱ ኋላ፣
ዳቦ ገምጦ አየሁት፤ ልቆጣ ስል፣ ትርንጎ ቀደመችኝ።
"ብላ" አለችው፣ "አልናገርብህም።
ብቻ ንገረኝ፣ ዛሬ እንዴት ነው?"
አኘከ። አሰበ።
"አሯል" አላት። "ይመራል። እንኳን አልበላሽ።"

በአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ዳቦ አሮብኝ አያውቅም።
ያን ስድብ ግን፣ ከግድግዳው ኋላ ቆሜ፣
እንደ ምርቃት አሜን አልኩት።

አሁን ሸሚዜ ከደጅ ይቀራል፤
ለሱ የመታሁለት ምስማር አለ።
በጎንደር ጧት፣ በባልዲ ውኃ፣ ጎረቤት እያየኝ፣
ፀጉሬን፣ ጆሮዬን፣ ቅንድቤን እፈትጋለሁ፤
ብርዱ ጥርሴን እያፋጨኝ።
ከበሩ ወዲያ ትቆጥራለች፤ እስከ መቶ ችላለች።

ባለፈው ወር ሚዛን ላይ ስትቆም ሁለት ኪሎ ጨምራ ተገኘች።
ለሁለት ኪሎ ዳቦ ስንት ዱቄት፣ ስንት ውኃ እንደሚገባ
ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ፤
ይቺ ሁለት ኪሎ ግን ከምን ከምን እንደተቦካች
ገና እየቆጠርኩ ነው።

"አባ፣ በረዶው አባራ?"
"አባርቷል። ማታ ደግሞ ይዘንባል።"
"እሺ" ትላለች፣ እርጥብ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣
"ከደጅ ይዝነብ።"